የፊደል እግር

ደቻቱ ድልድይ መሐል ስንደርስ ቀጸላ ይቆማል።
«ቆይ፣ ወንዙን ልየው» ይላል።
ወንዝ የለም። ጥር ነው። አሸዋ ብቻ፣
የተቀደደ ጆንያ፣ ሁለት ፍየል፣ የባጃጅ ጎማ፣
አሸዋ የምትጫን አንዲት አህያ።
እኔም እቆማለሁ። የድልድዩን ብረት ይዤ
እንደሱ እተነፍሳለሁ፣ አፌን ከፍቼ፣
መንታ ነንና፤
ድሮም አንዳችን ሲወድቅ ሌላው ያነክስ ነበር።

እኔን የጣለኝ በሰኔ ነው፣ ከዚራ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣
ዳማ ስጫወት፣ ላነግሥ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ።
እሱን በጳጉሜ፣ ሳቢያን፣ የልጁን ብስክሌት ጎማ ሲነፋ።
ያው ደም ሥር፣ ያው ቦታ።
ያደረሰችን ባጃጅም ያቺው ልትሆን ትችላለች።

የማጨሰው እኔ ነበርኩ።
በርጫ ላይ የምውለው፣ ጮማ የማልምረው፣
«ተው» ሲሉኝ «እሺ፣ ከነገ» የምለው።
ቀጸላ ቁርባን፣ ቀጸላ የማለዳ እርምጃ፣
ቀጸላ ጨው እንኳ በሁለት ጣት የሚለካ።

በስድስተኛው ወር ኢኮ ተነሣን፣
ባንድ ቀን፣ ባንድ አልጋ፣ ተራ በተራ፤
ቀዝቃዛው ቅባት ደረቴ ላይ ሳይደርቅ እሱ ተኛ።
የእኔ ሃምሳ ስድስት።
የእሱ ሃያ ዘጠኝ።
ወረቀቴን አጠፍኩት።
ትምህርት ቤት የሚያጥፈው እሱ ነበር፣
እኔ እንዳላፍር።

ዶክተር ሂክማ የሐረር ልጅ ናት፣ ቀስ ብላ ትናገራለች፦
«ካንድ ማሕፀን ወጣችሁ እንጂ
አንድ ጽሑፍ አይደላችሁም።
ዘረመል ረጅም መጽሐፍ ነው፤
ገልባጩ አንድ ፊደል ሲለውጥ
አንዱ ልብ ቁስሉን ሰፍቶ ይነሣል፣
አንዱ ጠባሳ ላይ ጠባሳ ይደርባል።
ምናልባት» አለች። «ምናልባት ነው የምለው።
ገና እየተነበበ ነው።»

አንድ ፊደል።
ማታ የልጆቹን ደብተር አውጥቼ ሞከርኩት።
ልብ ብዬ ጻፍኩ።
የ«ል»ን ክንድ አቃናሁና ግራ እግሯን አሳጠርኩ፤
ላብ ሆነች።
በዚህች እግር ነው
ወንድሜ ደረጃ መሐል የሚቀረው?

አባታችን ሸመንደፈር ነበር፣ ፍሬን ያዥ፣
የጅቡቲን መስመር ኩርባ በኩርባ በወገቡ የሚያውቅ።
እናታችን የደቻቱ ዳር ልጅ፣ ቀፊራ ሎሚ ሻጭ።
ሐዲድ ሲቆረጥ ባቡር ይቆማል፤
ሐዲድ ጎን አያውቅም። መጠበቅ ነው።
ወንዝ ግን ሲደፈን ወደ ጎን ይቦረቡራል፣
ባላሰቡት ሰፈር፣ በሰው ግቢ፣ ባጥር ሥር
ክረምቱ ሳይወጣ መንገድ ያወጣል።
እኔ የእናቴን ወሰድኩ፣ እሱ ያባታችንን፣
ብዬ አሰብኩ።
ዶክተሯ ይህን አላለችም። የእኔ ነው።
ውርሱ ሲከፈል ማንም አልጠራኝም፣
ፊርማዬ የለበትም፤
ግን ቤቱ ለእኔ ደረሰ፣
ዕዳው ለእሱ።

ይቅርታ ልለው ፈለግሁ።
ለየትኛው ጥፋት?
የደም ሸንጎ በየትኛው ዛፍ ሥር ይውላል?

መሽቷል። ነፋሱ ከደንገጎ ይወርዳል።
አሁንም ድልድዩ ላይ ነን።
እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አለከልካለሁ።
ቀጸላ ዞር አለ። መዳፉን ግንባሬ ላይ አሳረፈ፣
እንደ እናታችን፣ ቆየት አድርጎ፣
ከዚያ መዳፉን አየው። ደረቅ ነው።

«ላብ የለህም» አለኝ።
እኔ «ላ»ዋን «ል» አድርጌ ሰማኋት።

ሣቀ። ሣቁም አደከመው፣ ደግሞ ቆመ።
ከታች አህያዋ ጭነቷን ይዛ ዳገቱን ወጣች።
«በቃ እንሂድ፣ አንተ ቅደም።»
አልቀደምኩም።
አባታችን በፈረንሳይኛ እንዳስቆጠረን፣
አን፣ ዶ፣ ትሯ፣
በእሱ እርምጃ ተራመድን፤
ሰባት ላይ ዐረፍን።